ነዳጁ የት ሄደ?

ሰኞ፣ ጁን 10
መኪናዬ ዛሬም አልነሳ አለች። የኩሪቲባ ከተማ ብርድና በቤንዚን ፋንታ አልኮል የምትጠጣ መኪና... ጎረቤቴ እየገፋልኝ፣ "ዶክተሯ ስለ ነዳጅ ተምራ ተምራ!" ይላል። ሳቅኩ። ምን ላድርግ? እንጀራዬ ይኸው ነው። ነዳጅ ጠብታ ሆኖ በሚተራመስ አየር ውስጥ እንዴት እንደሚተን በኮምፒውተር ማስላት። ጠብታው ከበረደው አይተንም፣ ሞተሩም አይነሳም።

ከሰዓት በኋላ የታይናራ የዶክትሬት ጽሑፍ ደረሰኝ። ከፈታኞቿ አንዷ ነኝ። አማካሪዋ ክሎቪስ እኔን ባይፈልግም፣ ትምህርት ክፍሉ ውስጥ ከእኔና ከእሱ ሌላ ስለ ጠብታ የሚያውቅ የለም።

ክሎቪስ... ስሙን ስጽፍ እንኳ ደሜ ይፈላል።

ረቡዕ፣ ጁን 12
ስድስት ዓመት አለፈ። ስሌቴ በዩኒቨርሲቲው ትልቁ የኮምፒውተር ማሽን ላይ ወር ሙሉ ሲሮጥ ከርሞ፣ ሊያልቅ ሲል ክሎቪስ አቋረጠብኝ። ማሽኑ በእሱ እጅ ነበር። የራሱን ሊያስገባ። ለፕሮፌሰርነቱ ስንወዳደር ባዶ እጄን ቀረብኩ፤ ቦታውን ወሰደ። ምሳ ላይ ደግሞ በሰው ፊት ምን አለ? "ምን ያስለቅስሻል ጁሳራ? ጠብታ እንደሆነ መትነኑ አይቀር!" ሁሉም ሳቀ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ።

ማክሰኞ፣ ጁን 18
አገኘሁት! ጠብታ በጣም ሲያንስ ከስሌቱ እንሰርዘዋለን፣ ማሽኑ እንዳይደክም። ሁላችንም እናደርገዋለን። ግን በውስጡ የቀረው ነዳጅ ተኖ ወደ አየሩ መደመር አለበት። የክሎቪስ ፕሮግራም ጠብታውን ይሰርዝና ነዳጁን የትም አያደርሰውም። የታይናራን ስሌት ራሴ ደግሜ ሠራሁት። የገባውና የወጣው አይገጥምም። ከመቶ ዘጠኝ እጁ የለም!

ታይናራስ? ሙሉ ሥራዋ በዚያ ፕሮግራም ላይ ነው... ብነግራት ታስተካክለዋለች፣ እሱም ይድናል። አልነግራትም። ዲፌንሷ፣ ጽሑፏን ፈታኞች ፊት የምትከላከልበት ቀን፣ ጁላይ 5 ነው፣ አዳራሽ ውስጥ፣ በሰው ፊት። አንድ ጥያቄ ይበቃኛል።

ሐሙስ፣ ጁን 20
ጥያቄውን መስታወት ፊት ተለማመድኩ። በለስላሳ ድምፅ ይሻላል።

ሰኞ፣ ጁን 24
የቅዱስ ዮሐንስ በዓል። የዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ እሳት፣ ፒንያው የሚሉት የተቀቀለ የጥድ ፍሬ፣ በዝንጅብል የፈላ መጠጥ። ክሎቪስ ኩባያ ዘረጋልኝ።
"አሁንም ኩርፊያ ላይ ነሽ? ኧረ አረጀን እኮ!"
"ረሳሁት" አልኩት። ጠጣሁለት። ጣፈጠኝ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 2
ታይናራ ቢሮዬ መጣች። በሩን ዘጋች። አልተቀመጠችም።
"ስሌቴን ደግመው ሠርተውታል። ማሽኑ ላይ ስምዎን አየሁ።"
ብዕሬን አስቀመጥኩ።
"ነዳጁ እንደሚጠፋ ያውቃሉ ማለት ነው።"
"አንቺስ?"
"ማርች ላይ ለአማካሪዬ ነገርኳቸው። 'ተይው፣ ማንም አያየውም' አሉኝ። እንቢ ብል አይፈርሙልኝም።" ከዚያ እንባዋ መጣ። "እርስዎ ግን... ይህን ሁሉ ቀን ኮሪደር ላይ እየሳቁ ሰላም ሲሉኝ... ሊያርዱኝ ነበር?"
"አንቺን አይደለም። እሱን ነው።"
"ቢላው በማን አንገት ነው የሚያልፈው?"
አፈርኩ? አዎ፣ አፈርኩ። ግን ጥያቄዬን እተወዋለሁ አላልኳትም።
"ይጠይቁኝ" አለች እንባዋን ጠርጋ። "ልክ እንዳሰቡት፣ በሰው ፊት። መልሱን ይዤ እቀርባለሁ።"

ዓርብ፣ ጁላይ 5
ጠየቅኩ። "ነዳጁ የት ሄደ?"
ታይናራ ውሃ ተጎነጨች። ስክሪኑ ላይ ሁለት የግራፍ መስመር አሳየች፤ አንዱ ነዳጁን የሚያጎድለው፣ አንዱ ራሷ ያስተካከለችው። "ማርች ላይ ለፕሮፌሰር ክሎቪስ ነግሬያቸው ነበር። ተይው አሉኝ። አልተውኩትም።"
ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈታኝ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ክሎቪስ ዞሩ። "እውነት ነው?"
ፊቱ ቲማቲም መሰለ። "እ... የጊዜ እጥረት..." አለ። የጊዜ እጥረት! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ዋሽቼ አልጽፍም፣ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።
አለፈች። ክሎቪስም ፈረመ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን አማራጭ አለው?
ኬኩ ሲቆረስ ላቅፋት እጄን ዘረጋሁ። ሳህን አስያዘችኝ። "ይብሉ ዶክተር። እርስዎም የፈለጉትን አገኙ፣ እኔም የእኔን። ከእንግዲህ ሥራዬን አያንብቡልኝ።" ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። አጠገባችን የቆሙት እናቷ አልሰሙም። ሁለት እጄን ይዘው፣ "ልጄን ስለረዱልኝ እግዜር ይስጥልኝ" አሉኝ።

ሰኞ፣ ጁላይ 15
ክሎቪስን ከማሽኑ ኃላፊነት አነሱት። ደስ ብሎኛል። ገና አልጠገብኩም።
ስብሰባ ነበረን። ታይናራ ሥራዋን ለጆርናል ልትልክ ነው። አስቀድሞ ማን እንዲያይላት እንደምትፈልግ የትምህርት ክፍል ኃላፊዋ ጠየቀቻት። እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጫለሁ።
"ፕሮፌሰር ክሎቪስ" አለች።
ኃላፊዋ ደነገጠች። "ከዚያ ሁሉ በኋላ?"
"እሳቸው ቢያንስ ሲበድሉኝ ፊት ለፊት ነው።"
ማንም ወደ እኔ አልዞረም። ወረቀቴን ማገላበጥ ቀጠልኩ።