ማሽኑ እንዳያረጅ ለሚጨነቁት ክቡር ዲን

ለተከበሩ የሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጃችን ዲን፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ከዚህ በላይ ስለ ራሴ የምለው የለኝም፤ ባለቤቴን ከቀበርን ወዲህ ረሃቡም እንቅልፉም ቁጣውም በወጉ አይሰማኝም። ይህንን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴም ተናድጄ አይደለም። ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ እንደሆኑ ስለምትነግረኝ፣ ሥራዎን ላለማቋረጥ ብዬ ነው።

ልጄ ኮሌጅዎ ውስጥ የብረት ብየዳ ተምሮ ባለፈው ዓመት ተመርቋል። ስለዋሉልን ውለታ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. የብየዳ ማሽኖቹን ስለጠበቁልን አመሰግናለሁ። ልጄ እንደነገረኝ ማሽኖቹ ከፕላስቲካቸው የሚወጡት እንግዳ ሊጎበኝ ሲመጣ ብቻ ነው፤ እንግዳው እንደተሸኘ ተመልሰው ይሸፈናሉ። ይኸው እስከ ዛሬ እንደ አዲስ ያብረቀርቃሉ፣ ከዓይን ያውጣቸው።

፪. መብራት ሳይባክን ብየዳ የሚማሩበትን ዘዴ ስለፈጠሩም አመሰግናለሁ። ሠልጣኞቹ የኤሌክትሮድ መያዣውን አየር ላይ እያንቀሳቀሱ የብየዳውን ድምፅ በአፋቸው "ጥዝዝዝ" እያሉ ያሰሙ ነበር፤ ድምፁን ሳያቋርጥ የቆየ ጥሩ ነጥብ ያገኛል። ልጄ ሳሎን ውስጥ በእርሳስ ሲለማመድ እናቱ ንብ ገባብን እያለች ትስቅበት ነበር። ከክፍሉ አንደኛ ወጣ።

፫. ምዘናውም ትክክለኛው መልስ የሚከበብበት ወረቀት ስለነበር ማንም እጁን አላቃጠለም። እኔ ጡረታ የወጣሁ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ። በእኛ ጊዜ የነበሩት ፈታኞች ኋላ ቀር ስለነበሩ፣ ሞተር አስነስተህ ዳገት ካልወጣህ መንጃ ፈቃድ የለም ብለው አንገላቱኝ። የሞተሩን ድምፅ በአፌ ባሰማቸው ይበቃ እንደነበር የሚመክራቸው እንደ እርስዎ ያለ ሰው አላገኙም።

፬. እዚህ ላይ ምስጋናው እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም። ልጄ እንደተመረቀ፣ የመጀመሪያ ሥራዬ ለእማዬ ይሁን ብሎ፣ ጉልበቷን ስለሚያማት ለውጭው ደረጃ የብረት መደገፊያ ሠራላት። ማሽን ተከራየ፣ በየደ፣ ሞረደ፣ አረንጓዴ ቀለም ቀባው። ዓይን የሚሞላ ሥራ ነበርና ጎረቤቱ ሁሉ መረቀው። እሷም ስትወጣ ስትወርድ የልጄ እጅ እያለች ትደባብሰው ነበር። ዝናብ በጣለ ማግስት የልብስ ሳፋ ይዛ ስትወርድ አዳለጣትና መላ ክብደቷን ጣለችበት። ብየዳው ለቀቀ። ልጄ የወደቀውን ብረት አንስቶ አገላብጦ ሲያየው፣ የቀለጠው ላዩ ላይ ብቻ ተቀምጦ ኖሯል፤ ብረቱ ከብረቱ ጋር አልተያያዘም። ይህንን ትምህርት ያገኘው ያን ቀን ነው።

ከቀብር መልስ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፤ "አባዬ፣ እኔ ነኝ የገደልኳት።" ከዚያ ወዲህ ብረት አይነካም፣ ከክፍሉም እምብዛም አይወጣም፤ ምግቡን በር ላይ አስቀምጥለታለሁ። አንተ አይደለህም ብዬ ብለምነው ባስለምነው አልሰማኝም፤ አባት ነኝና ላጽናናው የምለው ይመስለዋል። እርስዎ ግን ብቁ ነህ ብለው ባለ ማኅተም ወረቀት ሲሰጡት አምኖዎት ነበር። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ካሣ አልጠይቅም፣ ማሽኖቹም ይገለጡ አልልም። አንድ ቀን ቤቴ ጎራ ብለው፣ ልጄ ፊት ተቀምጠው፣ አላስተማርንህም ይበሉት። እኔ አንድ ሰው ቀብሬአለሁ፤ ሁለተኛውን ከእነ ነፍሱ ቤት ውስጥ ተቀብሮ ማየቱ ከብዶኛል። ከእርስዎ አፍ ከሰማ ያምናል።

ስለማይታክት ጥንቃቄዎ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ወንበርዎም አቧራ ሳይነካው ረጅም ዘመን እንዲያገለግልዎ እየተመኘሁ፤

አክባሪዎ፣
ከክፍሉ አንደኛ የወጣው ተመራቂዎ አባት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ በኮሌጁ አጥር በኩል ሳልፍ ለዘንድሮው ምረቃ የክብር እንግዶች መድረክ ሲበየድ አየሁ። የሚበይደው ከውጭ የመጣ ባለሙያ ነው፤ ዘበኛውን ብጠይቀው፣ ሠልጣኞቹ ዝር እንዳይሉበት እርስዎ ራስዎ አዘዋል አለኝ። ደግ አድርገዋል፤ የሚቆሙበት እርስዎ ነዎት።