የኋላ ግራ እግሩ ነጭ ስለሆነው ቡችላ

ለተከበሩ የንጹሕ ዝርያ ውሾች አርቢዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ይልቁንም ደብዳቤ መፈረም ለማይታክተው ቀኝ እጅዎ ደኅንነትን እመኛለሁ። እኔ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ የምተዳደር፣ ውሻ ሳስወልድም ይህ የመጀመሪያዬ የሆነ ተራ ሴት ነኝ። ባለፈው ማክሰኞ በደረሰኝ ደብዳቤዎ፣ ከአምስቱ ቡችሎቼ አንዱ የኋላ ግራ እግሩ ነጭ ሆኖ በመገኘቱ በሰባት ቀን ውስጥ «እንዲወገድ»፣ ይህ ባይሆን የቀሩት አራቱም ከዘር መዝገብ እንደሚሰረዙ አሳውቀውኛል። «ማስወገድ» ምን ማለት እንደሆነ ለጸሐፊዎ ደውዬ ብጠይቅ፣ አንድ መርፌ ብቻ እንደሚበቃውና ምንም እንደማይሰማው አረጋግጠውልኛል፤ ስለ አሳቢነታቸው ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። መልሴን ከመስጠቴ በፊት ግን ማኅበሩ እስካሁን የዋለልኝን ውለታ ሳላነሳ ባልፍ ነውር ስለሚሆንብኝ፣ በተራ ቁጥር ዘርዝሬዋለሁ።

1. ውሻዬ በመዝገብዎ «የላይኛው ግቢ ጥቁር ዕንቁ ሣልሳዊት» ትባላለች፤ እኛ ቤት እሜቴ ነው የምንላት። እሷን ለመዳር በሞላሁት ቅጽ ላይ የአምስት ትውልድ አያቶቿን ከነማዕረጋቸው እንድጽፍ ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ። የራሴን ቅድመ አያት ስም የማላውቀው ሴትዮ፣ የውሻዬ ቅድመ አያት በየትኛው ውድድር ሁለተኛ እንደወጣና ዳኛው እንዴት አድርገው እንዳደሉበት ዛሬ በቃሌ እወጣዋለሁ። ባለቤቴ ቅጹን አይቶ፣ እኔን ሲያገባ እንኳ ይህን ያህል እንዳልተጠየቀ ተናግሯል።

2. ለሙሽርነት የራስዎን ውሻ፣ የአምስት ዋንጫ ባለቤት የሆነውን ሻምፒዮን፣ ስለ ላኩልን ክብሩ ከአቅማችን በላይ ነበር። ሻምፒዮኑ ከነተንከባካቢው መጥቶ ሁለት ቀን ሙሉ ሶፋችን ላይ ተኛ። እሜቴ ዙሪያውን ስትዞረው አንድ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ ያያትና ወደ እንቅልፉ ይመለሳል። በሦስተኛው ቀን ተንከባካቢው፣ ለጉዳዩ ክብር ሲባል ሁላችንም ከሳሎን እንድንወጣ አዘዙ፤ በገዛ ቤታችን ኮሪደር ላይ ተደርድረን ቆምን። አማቴ ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጥፈው አንዳች ነገር እንደማይሰማ በየደቂቃው ይነግሩን ነበር። ቢሆንም «ተሳክቷል» ተብሎ ተጻፈ፤ ደግነቱ እውነት ሆነ።

3. መመሪያዎ የማዋለጃው ሳጥን ርዝመቱም ወርዱም መቶ ሃያ ሳንቲ ሜትር እንዲሆን ስለሚያዝ፣ አናጺው ወንድሜ ሁለት ጊዜ አፍርሶ ሠራው። እሜቴ ሳጥኑን አሸተተችና ሄዳ ተተኩሰው በተደረደሩ ዩኒፎርሞች ላይ ወለደች። አምስተኛው ቡችላ ሲወጣ ትንፋሽ አልነበረውም። ለአዲስ አርቢዎች ብለው ወደ ሰጡን ስልክ ደወልኩ። ያነሱት ባለሙያ መጀመሪያ የእኔን የአባልነት ቁጥር፣ ቀጥለው የእሜቴን፣ ከዚያ የሻምፒዮኑን ጠየቁኝ። እኔ የሻምፒዮኑን ቁጥር ስፈልግ፣ አዋላጅ ነርስ የሆነችው የባለቤቴ እህት ቡችላውን ከእጄ ነጥቃ፣ አፉን በጣቷ ጠርጋ፣ በፎጣ እያሸችና እኛን እየሰደበች ነፍስ እንዲዘራ አደረገችው። ሲጥ ሲል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ይህን እንኳ እንደ ምስጋና አይቁጠሩብኝ። ነጭ እግር ያለው ያ ነው።

4. በሦስተኛው ሳምንት ተቆጣጣሪዎን፣ ለማነጻጸሪያ እንዲሆን ሻምፒዮኑን አስይዘው፣ በዚያ ሁሉ ዝናብ ስለ ላኩልን እግዜር ይስጥልን። ተቆጣጣሪው ቡችላውን ገልብጠው አይተው፣ ነጩ ከእናቲቱ ወገን የመጣ ጉድለት መሆኑን ሲጽፉ፣ ዝናብ የመታው ሻምፒዮን ከበሩ እስከ ስፌት መኪናዬ ድረስ ጥቁር ዱካ እያተመ ሄደ። ሦስቱ እግሮቹ ጥቁር እንደሆኑ ቀሩ፤ የኋላ ግራው ግን በየእርምጃው እየነጣ ሄዶ መኪናው ጋ ሲደርስ ወተት መስሎ ነበር። ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ የነበረው ጎረቤታችን ጫማ ሰሪው ወለሉን በጣቱ ነክቶ አሸተተና፣ የጫማ ቀለም መሆኑን፣ ያውም ርካሹ መሆኑን ነገረን። ተቆጣጣሪው ገና እቤት ውስጥ እያሉ ዣንጥላቸውን ዘርግተው፣ ሻምፒዮኑን እየጎተቱ ወጡ። ዱካው እስካሁን አልለቀቀም፤ መጥተው ቢያዩት ደስ ይለናል።

ክቡር ሆይ፣ ነገር ፍለጋ አይደለም። አባትየው በዚያች እግሩ አምስት ዋንጫ ወስዶ ልጅየው በዚያችው እግር ይሙት መባሉ ግን አልዋጥልኝ አለ። ስለዚህ መልሴ አጭር ነው፤ ቡችላውን አልሰጥም። አራቱንም እንዳሻዎ ይሰርዟቸው፤ ማንበብ ስለማይችሉ ብዙም አይከፋቸውም። የአባልነት መታወቂያዬን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ መልሻለሁ።

በማኅበርዎ ጥላ ሥር ስለ ንጹሕ ዝርያ ከሚገባት በላይ የተማረችው፣
ለፊርማዎም ሆነ ለቀለም ምርጫዎ አድናቆቷ የማይቋረጠው፣
ዩኒፎርም ሰፊዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሰባተኛው ቀን ሲሞላ ቡችላውን የሚወስድ ሰው እንደሚልኩ ጽፈውልኛል። እባክዎ የሚመጣው ሰው ሰፋ ያለ ከረጢት ይያዝ፤ የእኔም ግራ እግር ከተወለድኩ ጀምሮ ከቀኙ ያጥራል። እናቴ የእርስዎን መመሪያ ስላላነበበች ዝም ብላ ጡቷን ሰጠችኝ።