ንፋስ የማያስገባው ቤት

እንዴት ነሽ ጎረቤቴ፣ እኔ ደህና ነኝ፤ ወንድሜና ሚስቱ አንቀባረው ይዘውኛል። ትናንት ሊገዙት ያሰቡትን ቤት አሳዩኝ። እዚህ ብርድ አገር አሁን ቤት ገዢ ሳሎኑን ቀና ብሎ አያይም፤ መስኮቱ ጥግ እጁን ዘርግቶ ንፋስ ይገባ እንደሆነ ይዳስሳል፣ መብራት ምን ያህል እንደሚበላ ይጠይቃል። የኛ ቤት ቢሆን ንፋሱ ራሱ ወጥቶ ይቀበላቸው ነበር።

የቤቱ ባለቤት ያገራችን ሰው፣ ሽማግሌ ናቸው። ሚስታቸውን ብርድ ስላስቸገራቸው፣ ሰውየው በገዛ እጃቸው ግድግዳውን ደርበው፣ ስንጥቁን ሁሉ ደፍነውላቸው ነበር። ሴትየዋ ባለፈው ክረምት ዐረፉ። ገዢው ሁሉ "ሙቀቱ ደስ ሲል" እያለ ሲዞር፣ እኔ እንደ ልማዴ ወሬዬን ለቀቅኩት።

"ቁጭ በይ እስቲ ልጄ፣ ትንሽ አውሪልኝ" አሉኝ ሰውየው። "እዚህ ቤት የውጭ ድምፅ አይገባም፤ የውስጡ ደግሞ እሷ ነበረች።"

ወንድሜ ከደጅ ጡሩምባ እስኪነፋ ድረስ አወራሁላቸው። ስወጣ በሩን ከኋላዬ ዘጉት፤ ሲገጥም እንኳን አልተሰማኝም።

ፖስትካርዱ ሞላብኝ። እናቴን ሳሚልኝ። አጥር ለአጥር ናችሁና ብቅ እያልሽ አጫውቺልኝ፤ ወሬ ቢያልቅብሽም ዝም ብለሽ ቁጭ በይላት።