ውሃው አልነበረም

ሰኞ፣ ሰኔ 1 ቀን 1979 ዓ.ም.

ውሃው አይደለም አለ ሐኪሙ። እንዲሁ ነው ያለው፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ። የሕፃኗ ጡጦ ከእጄ ወደቀ። ጎንበስ ብዬ ሳነሣ ፊቴን የምደብቅበት ጊዜ አገኘሁ።

በወጉ ልጻፈው። ልጄ ዓለምነሽ ቀዝቃዛ ነገር ጥርሷን እየጠዘጠዛት ሁለት ሳምንት ስትሰቃይ ሰንብታ ዛሬ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድን። የስምንት ወር ልጇን ማርታን እኔ ይዤ ነበር። ዓለምነሽ ከልጅነቷ ጀምሮ ጥርሷ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አለባት፤ የኖራ ፍንጣቂ ይመስላል። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ለሠርጓ ፎቶግራፍ እንኳ ከንፈሯን ገጥማ ነው የተነሣችው።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ረጋ ብሎ ይናገራል። በምን ታጸጂዋለሽ አላት። በሎሚና በአመድ አለች። ጎረቤታችን እትዬ ዝማም ያዘዘችላት ነው። ራሱን ነቀነቀ። ሎሚ ጥርስን ይበላል፣ አመድ ይፍቃል፣ ሕመሙም የመጣው ከዚያ ነው አላት። ነጩ ግን ከጥርሱ ጋር አብሮ የበቀለ ስለሆነ ቢፈትጉት አይለቅም።

እኔም ዝም አላልሁም። አዋሽ በረሃ ሁለት ዓመት እንደኖርን፣ የዚያ አገር ውሃ ጥርስ እንደሚያበላሽ፣ ባለቤቴ ታደሰም እስኪሞት ይህንኑ ይል እንደነበር ነገርሁት።

የዓለምነሽን ከንፈር በጣቱ ገለጠና አሳየኝ። «ይዩ፣ እናቴ። ውሃ ቢሆን ሁሉንም በነካ ነበር። ፊት ያሉት ንጹሕ ናቸው፤ የተበላሹት ከጎን ያሉት ብቻ ናቸው። እዚህ ቦታ በሕፃንነቷ ድዷ ተጎድቷል። ግግ ነው ተብሎ ድዷን አስበጥተው አስወጥተዋል?»

አይ አልሁ። ልጄ አጠገቤ እየሰማች አይ አልሁ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 2

ሐኪሙ ያዘዘው፦ ሎሚ መተው። አመድ መተው። በለስላሳ ብሩሽና በጥርስ ሳሙና ማጽዳት፤ ከታጣ በወይራ መፋቂያ፣ ጫፉ በደንብ ታኝኮ። ሕመሙ ጋብ ሲል የባሰባቸውን ሁለቱን ጥርስ በሚመስል ነገር መሸፈን ይቻላል፤ ዕቃው ጎንደር ነው ያለው። ባትሸፍነውም ነጩ ብቻውን አይጎዳትም።

አይጎዳሽም ስላላት ደስ ብሏታል። ልብስ ስታሰጣ ስታንጎራጉር ሰማኋት።

እኔ ፊደል የቆጠርሁት ብቻዬን፣ ታደሰ በሚያመጣቸው አሮጌ ጋዜጦች ነው። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ የመድኃኒት ካርቶን ላይ ያለውን ሳይቀር። የድድ ቁስል ጥርስን እንደሚያበላሽ ግን የትም አላነበብሁም።

ታደሰ ለሥራ ወደ አዋሽ ቀድሞን ሲሄድ አንድ ነገር ብቻ አደራ ብሎኝ ነበር፦ ልጄን ብረት እንዳታስነኪ። የእኅቱ ልጅ ግግ ወጥቶለት ደሙ አልቆም ብሎ ነው የሞተው። እሺ አልሁ። እሱ በሄደ በወሩ ዓለምነሽ ተቅማጥ ያዛት። በአምስተኛው ቀን ዓይኗ ሲጎደጉድ አዝዬ ሐሙሲት ወሰድኋት። ግግ የምታወጣው ሴትዮ የብስክሌት ጎማ ሽቦ አሹላ፣ ድድ እየበጣች ነበር የምትሠራው። እግሯን እኔ ያዝሁ። ተቅማጡ በሳምንቱ ቆመ፤ ለታደሰ ሳልነግረው ተከተልሁት።

ወደ ባሕር ዳር ተመልሰን፣ ዓለምነሽ ጥርስ ስትለውጥ ነጩ ወጣ። ታደሰ አፏን ከፍቶ አየና፣ እኔ ነኝ ያንን ውሃ ያጠጣኋት አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ በብስክሌቱ ላይ ጀሪካን አስሮ ከሹም አቦ ምንጭ ውሃ ሲያመላልስላት ኖረ። የቧንቧ ውሃ ቤታችን እያለ።

አላወቅሁም ነበር ልበል? ሐኪሙ እስኪነግረኝ አላወቅሁም። ቦታውን ግን አውቀው ነበር። ነጩ የወጣው ሽቦው የገባበት ቦታ ላይ ነበር።

ረቡዕ፣ ሰኔ 3

ማርታ ታማለች። ከንጋት ጀምሮ አምስት ጊዜ አስቀመጣት። ጡት አልይዝም አለች።

እትዬ ዝማም ሳትጠራ መጣች። የሕፃኗን አፍ ከፍታ አየች። ግግ ነው፣ ይኸው ጎኑ አብጧል አለች። ነገ የሐሙሲት ገበያ ነው፤ የድሮዋ ሴትዮ ብትሞትም ልጇ እጇን ወርሳለች አለችን።

ሐኪሙ ያለውን አስታወስኋቸው። ዓለምነሽ ቀና ብላ አየችኝ።

«ሐኪሙ ምን ያውቃል፣ እማዬ? የኔን ግግ ነው አለ፤ አንቺ አላስወጣሁም አልሽ። የኔን ያላወቀ የማርታን ያውቃል?»

እትዬ ዝማም ሳቀች። «ልጅ ሐኪም፣ ገና የራሱ ጥርስ በቅሎ ያላለቀ።»

የኔ አንዲት ቃል እውነተኛውን ሰው ውሸታም አደረገችው። ተቀምጬ ይህን ስጽፍ እንኳ አላምነውም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 4

አውቶቡስ ላይ ከዓለምነሽ ጋር አብሬ ወጣሁ። ሐሙሲት ሳንደርስ እነግራታለሁ እያልሁ መስኮት መስኮቱን አያለሁ። ባሏ ሰሜን ግንባር ነው፤ ከዘመቻ ሲመለስ ልጁን በደህና እንዲያገኝ ብላ ነው እኮ የምትሮጠው። እኔም ያን ጊዜ እንዲሁ ነበርሁ።

ዓባይ ድልድይ ላይ ለፍተሻ አወረዱን። ተሰለፍን። ወታደሩ የአንዱን ገበሬ ስልቻ ሲያስፈታ ዓለምነሽ ማርታን አሳቀፈችኝና መታወቂያዋን ከቦርሳዋ መፈለግ ጀመረች። ሕፃኗ እንደ ጨርቅ ላላ ብላለች። ዓይኗ መጎድጎድ ጀምሯል። ያን ጊዜ ዓለምነሽ ላይ ያየሁትን ዓይን አየሁት።

«አስወጥቼልሻለሁ» አልሁ።

«ምኑን?»

«ግግ። ሐሙሲት፣ በሽቦ። ሐኪሙ ልክ ነው። ጥርስሽን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

መታወቂያዋን እንደያዘች ቀረች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ የማታውቀውን ሰው እንደምታይ ነበር የምታየኝ።

«አባዬስ?»

«አያውቅም።»

«ውሃው ነው እያለ ነው የሞተው።»

«አዎ።»

ወታደሩ መታወቂያ አላት፤ ሰጠችው፤ አይቶ መለሰላት። አውቶቡሱ ጥሩንባ ነፋ። ሰዉ ተሳፈረ። እሷ ልጇን ከእቅፌ ወሰደችና ፊቷን ወደ ባሕር ዳር አዙራ በእግሯ ሄደች። ከኋላዋ ተከተልሁ። ጤና ጣቢያው በር እስክንደርስ አልዞረችም።

ዓርብ፣ ሰኔ 5

በከረጢት ያለ ዱቄት ሰጥተውናል፤ በአንድ ሊትር ፈልቶ በበረደ ውሃ ይበጠበጣል። በማንኪያ በማንኪያ፣ ብታስመልሰውም ደግሞ መስጠት። ጡት አለማቋረጥ። ነርሷ ድዷን አይታ፣ ይህ ራሱ የሚወጣ ጥርስ ነው፣ እንዳታስነኩት አለች።

ዓለምነሽ አታናግረኝም። ማንኪያውን ግን ትሰጠኛለች፤ በየተራ እናጠጣለን። ጠዋት የታደሰን ጀሪካን ከጓዳ አወጣች። ይዛው ለረጅም ጊዜ ቆመች። ከዚያ አጥባ የፈላውን ውሃ ሞላችበት። እኔ እንድነካው አልፈቀደችም።

ማርታ ሦስት ጊዜ ብቻ አስቀመጣት። ሸንታለች። ስለ ሽንት ይህን ያህል ደስ ይለኛል ብዬ አላስብም ነበር።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 6

እትዬ ዝማም ሰማች፤ ከሐሙሲት ሳንደርስ መመለሳችን አናዷታል። በር ላይ ቆማ፣ ጋዜጣ ማንበብ ከጀመርሽ ወዲህ ፈሪ ሆነሻል አለችኝ። የዓለምነሽን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኋት፤ የታደሰንም። ሃያ አንድ ዓመት የያዝሁትን ለጎረቤት በር ላይ። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። ስትሄድ፣ የኔ የመጨረሻው ልጅም እንዲሁ ነጭ አለበት አለች።

ዓለምነሽ ከውስጥ ሆና ሰምታለች። አልወጣችም።

እሑድ፣ ሰኔ 7

ከቅዳሴ መልስ ታደሰ መቃብር ዘንድ ቆምሁ። ሰው በአጠገቤ ያልፍ ስለነበር ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ውሃው አልነበረም አልሁት።

ቤት ስገባ ዓለምነሽ ደጃፉ ላይ ማርታን ታቅፋ ተቀምጣለች። የሕፃኗ ዓይን ሞልቷል። ከትናንት ማታ ወዲህ አላስቀመጣትም።

«እማዬ» አለችኝ። ከድልድዩ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። «እጅሽን ታጠቢ።»

ታጠብሁ። ጣቴን ይዛ ማርታ አፍ ውስጥ አስገባችው። ከታች፣ ፊት ለፊት፣ እንደ ሩዝ ጫፍ ያለ ነገር ነካኝ። ጎኑ ላይ ያለው እብጠት እንዳለ ነው፤ ማንም አልነካውም፤ በጊዜው ይወጣል።

ማርታ ነከሰችኝ። ዓለምነሽ ሳቀች፤ ወዲያው እኔን አይታ አቆመች። አፏን ግን አልሸፈነችም፤ ሁለቱም እጆቿ ሕፃኗን ይዘው ነበር።

ይቅር ብላኝ እንደሆነ አላውቅም። ማርታ ራሷ እስክትለቀው ድረስ ጣቴን አላወጣሁም።