እንደተጻፈው አንብቢልኝ

ውድ ሚጣ፣

ይህን ስም እንደማትወጂው አውቃለሁ። የኮሌጅ መምህርት፣ ይባስ ብለሽም የአሣ አርቢዎቹ ግሩፕ አድሚን ከሆንሽ ወዲህ ሚጣ ብለን የምንጠራሽ እኔና አባባ ብቻ ነን። አባባም ሰሞኑን ስምሽን ማንሳት ትቷል፤ የምጽፍልሽም ለዚሁ ነው። በቴሌግራም ጽፌልሽ ነበር፤ አንድ አውራ ጣት ላክሽልኝ። ደግሜ ስጽፍልሽ ሁለት የተጋጠሙ እጆች መጡ፤ ይቅርታ ይሁኑ ምስጋና እስካሁን አልገባኝም። ስለዚህ ወረቀት ገዛሁ። ወረቀት ላይ አውራ ጣት አይለጠፍም።

እንደምን ነሽ የሚለውን ለሌላ ቀን አቆይቼዋለሁ። ተናድጃለሁ። ጸጉር ስሠራ እንኳ እጄ እየከረረ ደንበኞቼ "ኧረ ቀስ፣ ቆዳዬን ገፈፍሽው!" ማለት ጀምረዋል። ንዴቴ እስኪበርድ ብጠብቅ ደግሞ ምንም ሳልጽፍልሽ እቀራለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ።

የአባባ አኳሪየም፣ የአሣ ገንዳው፣ ከየት እንደመጣ የምታውቂ አይመስለኝም፤ ጠይቀሽ አታውቂማ። አባባ ጉልበቱ ደክሞ ከመሰላል ከመውረዱ በፊት መጨረሻ ላይ የቀባው ቤት ባለቤቶች ሌላ ቤት ሲገቡ ገንዳውን ከነአሣዎቹ ትተውለት ሄዱ። ሌላ ቦታ ስላልተገኘለት ጸጉር ቤቴ ውስጥ፣ ሶኬት ባለበት፣ ከካስኩ አጠገብ አስቀመጥነው። ካስክ ውስጥ ጭንቅላቷን የከተተች ሴት ሁሉ አሣ እያየች ጸጉሯን ታደርቃለች። አባባም ወንበር ስቦ ከጎኑ ይውላል። ዕድሜውን ሙሉ ግድግዳ ሲቀባ የኖረ ሰው ቁጭ ማለት አያውቅበትም፤ እግር እግሬ ሥር እየገባ ሊያሳብደኝ ነበር።

አንድ ቀን፣ እንዲያው ሐሳቡን ለማስቀየር፣ "ሚጣ እኮ ስለ አሣ የሚያወሩ ሰዎች ግሩፕ አላት" አልኩት።

"እዚያ ምን ታደርጋለች?"

"ታስተምራለቻ! ቅዳሜ ቅዳሜ በቮይስ ታስተምራለች።"

"በድምፅ?"

"አዎ፣ በድምፅ።"

"በይ አስገቢኝ።"

ስለ አሣ አንዲት ነገር እንዳልጠየቀኝ ልብ በይልኝ።

ገባ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ስልኩን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ያዳምጥሽ ጀመር። ጸጉር ቤቱ በሙሉ ተማሪሽ ሆነ ብልሽ ማጋነን አይደለም፤ ነርሷ ደንበኛዬ አንድ አሣ ሳይኖራት የቧንቧ ውኃ ውስጥ ስላለው ክሎሪን ለሰው ማስረዳት ትችላለች። ከዚያ አባባ የመጀመሪያ ቮይሱን ላከ። "ልጄ፣ አባትሽ ነኝ፤ ድምፅሽን ሰማሁት፤ ደህና ነሽ ወይ?" አለ። ወዲያው አጠፋሽው። ለእኔም፣ የሥራ ባልደረቦችሽ እዚያ ስላሉ አባትሽ መሆኑን እንዳይናገር እንድነግረው ጻፍሽልኝ። እንዴት አድርጌ ልንገረው? "የግሩፑ ሕግ ነው፤ እዚያ ዘመድ አይጠራም" አልኩት። አመነኝ። በማግስቱ በቀለም ቀቢነቱ በወጣለት ስም ምን ብሎ ቢገባ ጥሩ ነው? "ክብርት አድሚን፣ ጤና ይስጥልኝ፤ ጋሽ ቡርሽ ነኝ።" ያን ቀን ስስቅ የያዝኩት የጸጉር መጠቅለያ ቢጎዲን ሁሉ ከእጄ ወደቀ። አሁን ሳስበው አያስቀኝም። ሕጉን ጸጉር ቤት ድረስ አምጥቶ አከበረው፤ ድምፅሽ ሲሰማ ለደንበኞቼ "ልጄ ናት" ብሎ አያውቅም። መምህርት ልጅ እንዳለችው ለሁሉም ይናገራል፤ ያቺ ልጅ አንቺ መሆንሽን ግን ዋጥ ያደርጋል።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። ውኃ በምን ያህል ጊዜ ይቀየራል? መለስሽለት። ሰንበት ብሎ ያንኑ ጠየቀ። መለስሽለት። አሁንም ጠየቀ። ያ መሐንዲስ ነኝ የሚለው አባልሽ፣ "ኧረ ሽማግሌው ከላይ የተለጠፈውን ያንብቡ!" ብሎ ጻፈ፤ የሚስቅ ፊት ተደረደረለት። አንቺም ለእኔ፣ "ለምን አታስረጂውም? አይገባውም እንዴ?" አልሽኝ።

እኔም አይገባውም ብዬ፣ "አባባ፣ ይህን እኮ ጠይቀሃል፤ መልሱ ጠፋህ?" አልኩት።

"ለምን ይጠፋኛል? በሳምንት ሲሶውን፤ ያውም ያደረ ውኃ።"

"ታዲያ ለምን ትጠይቃለህ?"

"እሷ ስትመልስልኝ ደስ ይለኛላ።"

ገባሽ? አንድም ነገር ሳይገባው ቀርቶ አያውቅም። "ጋሽ ቡርሽ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው" ያልሽውን እየመላለሰ ያጫውተዋል፤ በቀቀን ብትኖረን እስካሁን ትለምደው ነበር። አንቺ እኮ አትደውዪም። ስንደውልልሽ "ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ጻፉልኝ"፤ ከዚያ ትጽፊያለሽ። ማንበብ ለማይችል አባትሽ ትጽፊያለሽ! ሰላምታሽ፣ የበዓል ምኞትሽ፣ "መድኃኒቱን እንዳይረሳ" የምትይው ሁሉ በእኔ አፍ ነው ጆሮው የሚደርሰው፤ እኔ ደግሞ ጸጉር እያጠብኩ በመሀል ነው የማነብለት። የአንቺን የራስሽን ድምፅ ያገኘው እዚያ ግሩፕ ውስጥ ነው። ስለ ደህንነትሽ መጠየቅ ስለተከለከለ ስለ ውኃ ጠየቀ።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ። አባባ አጥፍቷል፤ አልሸፋፍንም። የባንክ ሠራተኛዋ አባልሽ ውኃዋ ነጭ ሆኖ ሸተተ ብላ ስትጮህ ማንም ሳይቀድመው ቮይስ ላከላት። "የኔ ልጅ፣ የገማ ነገር ግማሹ አይደፋም፤ ሁሉንም ድፊውና ገንዳውን በሳሙና አሳምረሽ እጠቢው" አላት። ቀለም ሲበላሽ እንደዚያ ነዋ የሚደረገው! ባልዲውን አጥቦ አዲስ መበጥበጥ ነው የሚያውቀው። አሣዎቹ አደሩና አለቁ። ፎቶውን ሳሳየው እህል አልቀመሰም። ይቅርታ ጠየቃት፤ ከገንዳችን ሁለቱን ቀያዮች ሊሰጣት ቃል ገባ። እሷም "ግድ የለም አባባ፣ ለበጎ ብለው ነው" አለችው። ነገሩ በሁለቱ መካከል አልቆ ነበር እኮ።

መሐንዲሱስ? ባለፈው ያዘዘው መድኃኒት የስንት ሰው አሣ ሆዱን ወደ ሰማይ አንጋለለ? እሱ ግን በጽሑፍ፣ በርዕስ በርዕስ ከፋፍሎ ነው የሚያጠፋው። "እናመሰግናለን፣ ትምህርት ወስደናል" ተባለለት። ካልጠፋ ነገር ገዳይ እንኳ የእጅ ጽሑፉ እየታየ ይቅር ይባላል ማለት ነው።

ማስታወቂያሽ የመጣ ቀን ነርሷን ቢጎዲን ጠቅልዬላት ካስክ ውስጥ ላስገባት ነበር። የአባባ ስልክ ጮኸ። ፎቶሽን ስለሚያውቀው፣ "እሷ ናት፤ አንብቢልኝ" ብሎ አቀበለኝ። በዓይኔ ቀድሜ አነበብኩት። ከዚያ ከራሴ ፈጠርኩ፤ አላፍርበትም።

"ሰላም ናችሁ ወይ ትላለች። ውኃ ስትቀይሩ ተጠንቀቁ ትላለች።"

አባባ ስልኩን ወስዶ ጽሑፉን በጣቱ ከላይ እስከ ታች ሄደበት። "ይሄን ሁሉ ጽፋ ይሄንኑ ነው ያለችው? አንቺ ያልሽው አንድ መስመር አይሞላም።"

"አባባ፣ ሥራ ላይ ነኝ እኮ።"

"እንደተጻፈው አንብቢልኝ።"

እኔ ላይ እንዲህ ቆጣ ብሎ አያውቅም። አነበብኩለት። የጻፍሽውን እዚህ ልድገመውና አንቺም በወረቀት እዪው። "ውድ የቡድናችን አባላት፤ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቡድን ውስጥ የድምፅ መልእክት ፈጽሞ ተከልክሏል። ሰሞኑን የደረሰው ጉዳት የደረሰው ማንበብና መጻፍ እንኳ የማይችሉ ሰዎች አዋቂ መስለው በመምከራቸው ነው። ጥያቄም ሆነ ሐሳብ በጽሑፍ ብቻ ይቅረብ። መጻፍ የማይችል ለመምከር አይቸኩል።" ከሥሩ የልብ ምልክት ዘንቦልሻል።

አባባ ማንበብ እንደማይችል ከዚያ ሁሉ አባል መካከል ማን ያውቅ ነበር? ከአንቺና ከእኔ በቀር ማን ያውቅ ነበር ሚጣ? መሐንዲሱ እንኳ ሰነፍ መስሎት ነበር። የቤታችንን ገመና ነው አውጥተሽ የለጠፍሽው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ራስ ሲመለጥስ ለእኔ ዓይነቷ ጸጉር ሠሪ ይታወቃል። አፍሽ ግን አላመለጠሽም። ጽፈሽዋል፤ አንብበሽ፣ አርመሽ ነው የላክሽው። አንዲት ነጥብ አልጎደለሽም።

ይህን ያወቅሁት እሱው ስለነገረኝ ነው። አንብቤ ስጨርስ "ድገሚው" አለኝ። ደገምኩት። ራሱን ነቀነቀና፣ "እንዴት አድርጋ ትጽፋለች! አንድ ቦታ እንኳ አላደናቀፈሽም" አለኝ።

ነርሷ ቢጎዲኗን እንደያዘች ዞረች። "ማናት ደግሞ ይቺ ስድ? ጋሽ ቡርሽ፣ ያውቋታል?"

አባባ መነጽሩን ጠረገ። "አላውቃትም" አላት። "የግሩፑ ኃላፊ ናት።"

እኔ አውቃታለሁ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሱ አየኝ፤ ዋጥኩት። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። ሲተረት እሰማ ነበር እንጂ ላሚቱን ወንበር ላይ ተቀምጣ አይቻት አላውቅም ነበር።

መማርሽ አናዶኝ እንዳይመስልሽ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ እኔን መቀስ ወሰደኝ፣ አንቺን መጽሐፍ፤ አልቆጭም። አንቺ ስትመረቂ ጸጉርሽን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ቀን ይበልጥ የኮራሁበት ሥራ የለኝም። ስንት ጣሪያ ቀና ብሎ እንደቀባልሽ ግን አንገቱን እዪው፤ ዛሬም ወደ ግራ አይዞርለትም። አላወቀም በዪው፤ አዎ፣ ስለ አሣ አላወቀም። ያላወቀ ሰው የት ሄዶ ይጠይቅ? ከሚያውቁት ዘንድ ሄዶ ጠየቀ፤ በሩን ዘጋሽበት። በዚያ ላይ ልጁ ነሽ። እኔ ይሄ ነው ያንገበገበኝ።

በማግስቱ ለእኔ ምን ብለሽ ጻፍሽልኝ? "ስለ እሱ አይደለም፣ በአጠቃላይ ነው፤ አንቺ አስረጂው።" አላስረዳም! እኔ አስተርጓሚ አይደለሁም። አንቺ በጽሑፍ የምታቆስይውን እኔ በአፌ የማክምበት ውል የለንም። አጠቃላይ የሚባል ሰው እኛ ቤት የለም፤ አባባ ነው ያለው።

እሱ አልተቆጣም፣ ይሄ ደግሞ ይብሳል። ለአሣዎቹ ምግብ ይሰጣል፣ ውኃቸውን እንዳስተማርሽው ይቀይራል፣ ስልኩን ግን አይነካም። ነርሷ ልታጽናናው ስትሞክር፣ "ልክ ናት፤ ሥርዓት ያስፈልጋል" ብሎ ነገሩን ቆረጠው። የሕጉ ነገር ሲያብሰለስለው እንደሚውል ግን ያስታውቃል። አሰዳደብሽን እያሰበ መስሎኝ ነበር። ትናንት ቤቱን ስጠርግ ከኋላዬ ጠራኝ።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ድምፅ አይላክም ያለችው ለእኛ ነው ወይስ ለሁሉም?"

"ለሁሉም ነው አባባ።"

"ማለት፣ እሷም ራሷ ቅዳሜ ቅዳሜ አታስተምርም?"

ያ ሁሉ ስድብ አልፎት ሄዷል። የጨነቀው ይሄ ነው።

አልመለስኩለትም ሚጣ። ስልኩን ከፍቼ ፊቱ አስቀምጬለታለሁ፤ ድምፁንም እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌዋለሁ። አንቺ መልሺለት፤ ደውለሽ፣ በአፍሽ። ጽፈሽ ብትልኪለት አላነብለትም፤ ቢለምነኝም አላነብለትም።

ታላቅ እኅትሽ