ሞተር ላይ የፈሰሰ ጠበል

ውድ ልጄ ፀደይ፣

በስልክ ብነግርሽ ከመሐል ታቋርጪኛለሽ፤ ስለዚህ ጻፍሁልሽ። ደብዳቤውን ወደ ደባርቅ የሚመጣ ሹፌር ያደርስሻል። እስከ መጨረሻው ሳታነቢ እንዳትደውይ።

ባለፈው «አባዬ፣ የሞተሩ መብራት በርቶ ያን ሁሉ መንገድ እንዳትመጣ። እኔም ከነሆዴ በአውቶቡስ አልንገላታም፤ እዚሁ አማቶቼ ዘንድ እወልዳለሁ» አልሽኝ። «ደህና ሁኚ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። እሺ ማለቴ ግን አልነበረም። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለድ። እናትሽ እናኑ ብታርፍም ቤቱ ያው የእሷ ቤት ነው።

መብራቱን ምን እንዳበራው ያን ዕለት አልነገርሁሽም። አንቺን ለማምጣት መንገዱ ቀና እንዲሆንልኝ ብዬ መኪናዋን መምሬ ወልደኢየሱስ ዘንድ ወሰድኋት። ጸሎት አድርሰው ዙሪያዋን ጠበል ረጩልኝ። ይበቃ ነበር። እኔ ግን ኮፈኑን ከፈትሁና «አባ፣ የሚደክመው እኮ ሞተሩ ነው» ብዬ በጀሪካኑ የተረፈውን ሁሉ አንቆረቆርሁበት። «ኧረ አያ አዳነ፣ ቀስ!» ቢሉኝ ማን ሰምቶ! ቤት ሳልደርስ ሞተሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ቢጫዋ መብራትም በራች። ሳቂ፣ ፈቅጄልሻለሁ።

ትተሽልኝ የሄድሽውን ስካነር ከመሪው ሥር ሰካሁት። ስልኬ ላይ «ፒ ዜሮ ሦስት ዜሮ ሦስት» የሚል ኮድ መጣ፤ ሦስተኛው ሲሊንደር በደንብ አያቃጥልም ማለት ነው። መካኒኩ ካሣዬ አየውና፣ «አያ አዳነ፣ ምነው እንዲህ ይጨነቃሉ? ኮዱን ላጥፋልዎት። መብራቱ ከጠፋ ልጅዎ በምን ታውቃለች?» አለኝ። ተቆጣሁት። በዚያች መኪና ማን ሊሳፈር እንደሆነ ያውቃል መሰለሽ!

«እንግዲያው ካንዴላ እንቀይር» አለ። ያኔ መካኒክነት ተምረሽ የመጣሽ ሰሞን ያልሽኝ ትዝ አለኝ፤ «ኮዱ የሚነግርህ የት እንዳመማት ነው እንጂ ምን እንዳመማት አይደለም። ሳትፈትሽ ዕቃ አትግዛ።» እናም ለካንዴላው እሳት የሚልከውን የሦስተኛውን ኮይል ወደ ሁለተኛው፣ የሁለተኛውን ወደ ሦስተኛው አዛወርን። ኮዱን አጥፍተን ብናስነሳት፣ ስካነሩ አሁን ሁለተኛው ሲሊንደር ነው የታመመው አለን። በሽታው ኮይሉን ተከትሎ ሄደ። ምስኪን ካንዴላ ምን አጠፋ! ካሣዬ ኮይሉን ቢያገላብጠው ውኃ ገብቶበታል። «ይኸ ደግሞ ከየት መጣ?» ሲለኝ ወደ ሰማይ አየሁ።

ኮይሉ ተቀየረ። መምሬም ወሬውን ሰምተው «አያ አዳነ፣ ጠበል ለኤሌክትሪክ አልታዘዘም» እያሉ ሲስቁብኝ ሰነበቱ። ልሞክራት ብዬ ትክል ድንጋይ ከተማ ደርሼ ተመለስሁ፤ ዳገቱን ሸጋ አድርጋ ወጣችው። ስካነሩም ምንም አላገኘባትም።

እንግዲህ የመኪናዋ ነገር አለቀ። ግን ልጄ፣ መኪናዋ ሰበብ እንደነበረች አውቃለሁ። የፈራሽው መንገዱን አይደለም፤ እናትሽ የሌለችበትን ቤት ነው። እኔም እፈራዋለሁ። እስካሁን ከገበያ ስመለስ ገና ከበሩ እጠራታለሁ።

ጎረቤታችን ሸዋረጋ አራስ ቤት እንደ እናት ልትሆንሽ ቃል ገብታለች። እኔን ደግሞ ገንፎ ማገንፋት እያስተማረችኝ ነው። ይጓጉልብኛል። ትናንት ቀምሳ «ይኸን ከበላች እውነትም ትወድዎታለች» አለችኝ።

ቅዳሜ እመጣለሁ። አልሄድም ካልሽም ፊት ለፊት ንገሪኝ፤ አልቆጣም፣ ዓይንሽን አይቼ እመለሳለሁ። ከመጣሽ ግን፣ ምጡ ሲጸናብሽ «እናቴ!» ብለሽ መጣራትሽ አይቀርም። እሷ የለችም፣ ልጄ። በሩ ላይ ቆሜ እኔ አቤት እልሻለሁ።

የሚወድሽ አባትሽ
አዳነ
ጎንደር