ሐዋ የወጣችበት ቴአትር

ዓርብ

ሐዋን አስወጥቼ እኔ ቀረሁ። ሌላ ስም የለውም። ብሬሉን የምወጋበት እጄ እንኳ አፍሯል።

ከትምህርት ቤት መልስ አሶሳ ባህል አዳራሽ ቴአትር ገባን። ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ጎረቤቴ ሐዋ የምታየውን በተሰባበረ አማርኛዋ ታንሾካሹክልኛለች፦ «ልጁ ሻንጣ ያዘ። እናቱ ጀርባ ሰጠ።» እንዴት ደስ አለኝ! የሳንቃው ሲጥ ሲጥ፣ ተዋናይዋ ከመናገሯ በፊት የምትስበው ትንፋሽ፣ ሁሉም ይሰማኛል። ልጁ እናቱን ጥሎ ወርቅ ቁፋሮ ይሄዳል። እሷም «ከእንግዲህ ደጄን አይረግጥም!» ብላ ትምላለች።

ከኋላችን ያሉት አጉረመረሙ። ትኬት ቆራጩ መጥቶ «ወይ ዝም በሉ ወይ ውጡ» አለ። ሐዋ እጄን ሳብ አደረገች፤ እንውጣ ማለቷ ነው። እኔ ግን «አንቺ ሂጂ፣ እኔ በጆሮዬ እጨርሰዋለሁ» አልኳት። «የምታይልኝ እሷ ናት» ማለት አቅቶኝ ነው? አላቃተኝም። መጨረሻው እንዳያመልጠኝ ሰስቼ ነው።

ልጁ ተመልሶ በሩን አንኳኳ። ከዚያ ጸጥ። አጠገቤ አንዲት ሴት ተንሰቀሰቀች፤ ቀጥሎ ጭብጨባ። እናትየው አስገባችው? አባረረችው? አላውቅም። የእጄን አገኘሁ። በባጃጅ ብቻዬን ገባሁ።

ቅዳሜ

ለራሴ የነገርኩት፦ ሐዋ ቤት ሂጂ። ሰበብ አትደርድሪ። ስለ ቴአትሩ አታንሺ።

ለገበያ ማንጎ እያጠበች ሳለ ደረስኩ። «ግባ» አለችኝ። አማርኛዋ ሴትና ወንድ አይለይም፤ ሌላ ቀን ቢሆን እንሳሳቅበት ነበር።

«ሐዋ፣ ይቅር በይኝ።»

ማጠቧን አላቆመችም። «ሰውዬው ውጣ አለ፤ እሱ እኔን አያውቅም። አንተ ግን እህቴ ነህ። ወላሂ፣ አንተ ሂድ ስትለኝ ነው የከፋኝ።»

ስወጣ አንድ ማንጎ አስያዘችኝ። ይቅርታዋ ይሁን ልማዷ፣ አልገባኝም። አልበላሁትም።

ከሰዓት አዳራሹ ሄጄ የቴአትሩን አዘጋጅ አስጠራሁ። ሐዋ የምታይልኝ መሆኗን ነገርኩት። «ታዲያ ትናንት ለምን አልነገርሽንም?» አለኝ። ይቺ ጥያቄ ከስድብ በላይ አመመችኝ። ለነገው ግን ከመድረኩ ጎን ለብቻ ሁለት ወንበር ሊያስቀምጥልን ቃል ገባ፤ እንደልባችሁ አውሩ ብሎ። ማታ ለሐዋ ደወልኩ። ሰማችኝና «አያለሁ» አለች።

እሑድ

መጣች! ሳትስቅ፣ ግን መጣች።

ከመጀመሩ በፊት እናትየዋን የምትጫወተው ሴት ወደ መድረክ ወስዳ በሩን አስዳሰሰችኝ። ሻካራ ጣውላ ነው፤ መቀርቀሪያ አለው። ሐዋ ክንዴን ይዛ ነበር፤ እንደ በፊቱ አጥብቃ አይደለም።

መጨረሻው ደረሰ። ልጁ አንኳኳ። ጸጥ። ሐዋም ጸጥ። ንገሪኝ ለማለት ምን አፍ አለኝ? ጠበቅኩ። ትንፋሿ ጆሮዬ ላይ መጣ።

«ተነሳ።»

«ማን? እናቱ?»

«እናቱ። በሩን ከፈተ። ቆመ፣ ቆመ... በነጠላው የልጁን ፊት አቧራ ይጠርጋል።»

«አስገባችው?»

«ቆይ እህቴ፣ እያለቀስኩ ነው።»

ቆየሁ። አፍንጫዋን ጠረገችና «አስገባ» አለች። እኔም ያኔ አለቀስኩ፤ ለእናትየዋም ለራሴም።

ስንወጣ ክንዷን ለመያዝ እጄን ዘረጋሁ። ትንሽ ዘገየች። ከዚያ ሰጠችኝ። ስለ ዓርብ አላነሳችም፤ እኔም ደግሜ ይቅርታ አልጠየቅሁም። ዝናብ ጀምሮ ስለነበር ፈጠን ፈጠን አልን፤ ጭቃ ባለበት ሁሉ «ዝለል!» እያለችኝ።